ሳይከሽፍ፣ ሳይባርቅ፦ ርካሽ ስድስት ጎራሽ ያዋጣል?

የአክስቴ ልጅ ደብረ ማርቆስ ተወልዶ ያደገ ነው። አሁን አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ይኖራል። ሌሊት ሌሊት ነዳጅ ማደያ ውስጥ ይሠራል። በቅርቡ በቴሌግራም የሁለት ሽጉጦች ፎቶ ላከልኝ። ሁለቱም ስድስት ጎራሽ ናቸው፤ ሪቮልቨር የሚባሉት። አንዱ የብራዚሉ ቶረስ 856 ነው፤ ወደ 300 ዶላር ይሸጣል። ሌላው የአሜሪካው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 686 ነው፤ ከ800 ዶላር በላይ ይጠይቃል። ከፎቶው ሥር የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው። «ልዩነቱ የስም ነው ወይስ የብረት?»

ጎጃም ያደገ ሰው ስለ ጠመንጃ አስተያየት አያጣም። ሠርግ ላይ ሲተኮስ፣ ለቅሶ ላይ ሲተኮስ ሰምተን ነው ያደግነው። የምንሽርን ድምፅ ከክላሽ ድምፅ ሳናይ የምንለይ ብዙ ነን። ስለ ስድስት ጎራሽ ግን ያን ያህል አናውቅም። ስለዚህ ጥያቄውን ይዤ ጎረቤታችን ወደሆኑት ሽማግሌ ሄድኩ። አያ ነው የምንላቸው። በወታደርነት ዘመናቸው ለብዙ ዓመት መሣሪያ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው።

ፎቶውን አሳየኋቸው። ዋጋውን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ስልኩን ትንሽ ራቅ አድርገው አዩት።

«ብረት የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው» አሉኝ። «ስትፈልገው አይከሽፍ፣ ሳትፈልገው አይባርቅ። ስለ ዋጋው የምናወራው ከዚያ በኋላ ነው።»

እኔም ይህን መለኪያ ይዤ ሳነብ፣ ስጠይቅ፣ ሳመዛዝን ሰነበትኩ። የደረስኩበትን እነሆ።

መጀመሪያ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ስድስት ጎራሽ ውስጡ ሲከፈት ከጠመንጃ ይልቅ ለሰዓት ይቀርባል። ምላጩ ሲሳብ ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ ይከናወናል። መምቻው ወደ ኋላ ይለጠጣል። ጥይቶቹን የያዘው ክብ ብረት ደግሞ አንድ ስድስተኛ ዙር ይዞራል። ይህን ክብ ብረት ከበሮ እንበለው። ከበሮው ዞሮ ሲቆለፍ የአንዱ ቀዳዳ አፍ ከአፈሙዙ መነሻ ጋር ልክ ለልክ መግጠም አለበት። መምቻው ወርዶ ጥይቱን የሚመታው ያኔ ነው።

ችግሩ «ልክ ለልክ» የሚለው ላይ ነው። ከበሮው ትንሽ ሳይደርስ ቢቀር እርሳሱ የአፈሙዙን ጠርዝ እየላጨ ይገባል። የተላጨው ብናኝ በጎን ይፈናጠራል፤ አጠገብ የቆመ ሰው ፊት ላይ ሊያርፍ ይችላል። በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል ያለው ክፍተትም ልክ አለው። ደኅና በሚባል ስድስት ጎራሽ ላይ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የአንድ ሁለት ጸጉር ውፍረት ማለት ነው። ከዚህ ከጠበበ ጥቂት ከተተኮሰ በኋላ የባሩዱ ጥላሸት ከበሮውን ያስይዘዋል። ከሰፋ ደግሞ እርሳሱን መግፋት የነበረበት ጋዝ በዚያው ያመልጣል።

ይህ ልክ ያለበት ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ስድስት ቀዳዳ አለ። ስድስቱም ተራቸው ሲደርስ እኩል መግጠም አለባቸው። አምስቱ ጥሩ ሆነው ስድስተኛው የጎደለ ሽጉጥ ሱቅ ውስጥ ሲታይ ከጤነኛው አይለይም።

ድሮ ይህን ልክ የሚያመጣው የሠራተኛ ሞረድ ነበር። ኮልት የተባለው ፋብሪካ በ1955 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፓይተን የሚባል ስድስት ጎራሽ ስሙ የገነነው፣ ዋጋውም የከበደው በእጅ እየተሞረደ ስለሚገጣጠም ነው። በ2020 እንደገና ሲያወጡት ዋጋውን 1,499 ዶላር አሉት። ዛሬ ግን አብዛኛውን ሥራ በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ይሠራዋል። ማሽኑ ብራዚል ቢተከል፣ ፊሊፒንስ ቢተከል፣ ማሳቹሴትስ ቢተከል የሚቆርጠው ያንኑ ነው። የዛሬ ርካሽ ሪቮልቨር ከአርባ ዓመት በፊት ከነበረው በብዙ የተሻለውም ለዚህ ነው። ሩገር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ደግሞ ብረትን ቀጥቅጦ ቅርጽ በማውጣት ፈንታ በቅርጽ ማፍሰስን መረጠ። ሰዉ መጀመሪያ ላይ ተጠራጥሮ ነበር። ነገር ግን የሩገር ሪቮልቨሮች በጥንካሬያቸው ነው የሚታወቁት። ዋጋን የሚቀንስ ሁሉ ዕቃውን አያበላሽም።

ታዲያ 500 ዶላሩ ከየት ቀረ?

ግማሹ ከማይጎዳ ቦታ ነው። ርካሹ ላይ የማሽኑ ጭረት ይታያል። ቀለሙ ቶሎ ይለቃል። ምላጩ ሲሳብ ይሸካከራል፤ ይከብዳልም። ይህ ውበትና ምቾት ነው። ሌላው ቁጠባ ግን ከፍተሻ ነው የሚመጣው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸኛው ነው። ማሽን መቁረጫው እየደነዘዘ ሲሄድ ልኩን ይስታል። ያንን የሚይዘው ቆሞ የሚለካ ሰው ነው። ሰው ደግሞ ደመወዝ አለው። ፋብሪካው ከመቶው አምስቱን ብቻ ለክቶ ሁሉንም ቢልክ ዋጋው ይወርዳል። የቀረውን ፍተሻ የሚሠራው ገዢው ይሆናል፤ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ጥይት።

ስለ ርካሽ ሪቮልቨር ሁለት ሰዎች የማይስማሙትም ለዚህ ነው። አንዱ «አሥር ዓመት ተኩሼበታለሁ፣ እንደ ድንጋይ ነው» ይላል። ሌላው ያንኑ ሞዴል ገዝቶ በሳምንቱ ወደ ፋብሪካው ይመልሰዋል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ርካሽ ዕቃ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። አንዱ ከአንዱ በጣም ይለያያል ማለት ነው። ውድ ሲገዙ ከሚከፈለው ገንዘብ ብዙው የሚሄደው ይህን መለያየት ለማጥበብ ነው።

አሜሪካኖች በዚህ ጉዳይ ረጅም ታሪክ አላቸው። በ1960ዎቹ ከውጭ የሚገቡ እጅግ ርካሽ ሽጉጦች ነበሩ። «የቅዳሜ ማታ ሽጉጥ» ይሏቸው ነበር። በ1968 የወጣው ሕግ እንዲህ ያሉትን ማስገባት ከለከለ። አስመጪዎቹ ግን ክፍሎቹን ለየብቻ እያስገቡ እዚያው አገር ውስጥ መገጣጠም ጀመሩ። ከእነዚህ አንዱ ሮም የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ዕቃ ነው። ማርች 30 ቀን 1981 ፕሬዚዳንት ሬገን የቆሰሉት በዚህ ፋብሪካ ርካሽ ስድስት ጎራሽ ነው። ስድስቱም ጥይት ሁለት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ተተኮሰ። አራት ሰው ተመታ። አንድም አልከሸፈም። ይህን ታሪክ እያነሱ «አየህ፣ ርካሹም ይሠራል» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ከአንድ ሽጉጥ የወጣ ስድስት ጥይት ስለ ሌላው ሺህ ሽጉጥ የሚነግረን ነገር የለም። ያ ቀን የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው። ርካሽም ሆነ ውድ፣ የሚወጣው እርሳስ ያው እርሳስ ነው።

ርካሾቹን ከደኅናዎቹ ለመለየት አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች የብረቱን መቅለጫ መለኪያ አደረጉ። ኢሊኖይ ውስጥ ከ427 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሚቀልጥ ብረት ተከለከለ። ዒላማው የዚንክ ቅይጥ ነው፤ እሱ 380 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል። ካሊፎርኒያ ግን በ1999 ባወጣችው ሕግ ሌላ መንገድ ያዘች። ሽጉጡ 600 ጥይት ይተኮስበት አለች። የመጀመሪያዎቹ 20 ያለ አንዳች እንከን መውጣት አለባቸው። በጠቅላላው ከስድስት ጊዜ በላይ ከተስተጓጎለ ይወድቃል። ከአንድ ሜትር ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ ሲጣል ደግሞ መተኮስ የለበትም። የፖለቲካ ክርክሩን ልተወውና፣ ይህ ለገዢ የሚጠቅም መለኪያ ነው። ብዙ ርካሽ ሞዴሎች አልፈውታል። ስለዚህ «ርካሽ ነው፣ አይሠራም» ብሎ መደምደም ስህተት ነው።

ለአያ ይህን ስነግራቸው ስለ 600ው ጥይት ብዙም አላሉም። መጣሉ ላይ ግን ቆሙ። «እሱ ነው ዋናው» አሉ።

ልክ ናቸው። መክሸፍ ባለቤቱን ያሳፍራል፤ መባረቅ ግን ምንም የማያውቅ ሰው ይገድላል። በድሮ ስድስት ጎራሽ መምቻው በቀጥታ የጥይቱ ቂጥ ላይ ያርፍ ነበር። ከወገብ ላይ ቢወድቅ፣ ድንጋይ ቢነካው በቃ። ለዚህ ነው የድሮ ሰዎች አምስት ብቻ አጉርሰው ስድስተኛውን ቀዳዳ ባዶ የሚተዉት። የሚገርመው ለዚህ ችግር ጥሩ መፍትሔ ያመጣው ውድ ፋብሪካ አለመሆኑ ነው። አይቨር ጆንሰን የሚባል ርካሽ ሽጉጥ ሠሪ ነበር። በ1890ዎቹ በመምቻውና ጥይቱን በሚወጋው መርፌ መካከል የምትገባ ትንሽ ብረት አበጀ። ምላጩ ተስቦ ካልተያዘ ብረቷ ከፍ አትልም። እሷ ከሌለች ደግሞ መምቻው መርፌውን አይደርስበትም። ዛሬ ሩገርም፣ ቶረስም፣ ቻርተር አርምስም በዚህ ዘዴ ይጠቀማሉ። በአንጻሩ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን፣ ያ ስመ ጥሩው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መገባደጃ ላይ አንድ ሪቮልቨሩ መርከብ ላይ ወድቆ ባርቆ መርከበኛ ገደለ። ፋብሪካው መከላከያውን እንደገና ለመሥራት ተገደደ።

ያ ማለት ግን ርካሹ ከዚህ ችግር ነጻ ነው ማለት አይደለም። ሮሲ የተባለው የብራዚል ምርት ከ2005 እስከ 2017 የተሠሩ አንዳንድ ሪቮልቨሮቹ ሲወድቁ ሊተኩሱ እንደሚችሉ ራሱ አስታውቋል። ብረቷ በንድፉ ላይ ልትኖር ትችላለች። እጅህ ላይ ባለው ዕቃ ውስጥ በልኳ መሥራቷ ሌላ ነገር ነው። እዚህም የምንመለሰው ወደ ፍተሻ ነው።

አሁን ወደ መክሸፍ። «ስድስት ጎራሽ አይነክስም»፣ ማለትም ተይዞ አይቆምም፣ የሚባል ነገር አለ። ግማሹ እውነት ነው። ባለ ካዝና ሽጉጥ ጥይት ሲከሽፍበት በእጅ ጎትቶ ማውጣት ያስፈልጋል። ስድስት ጎራሽ ላይ ምላጩን ደግመህ ትስባለህ፤ ከበሮው ዞሮ አዲስ ጥይት ያቀርባል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን ስድስት ጎራሽ አንዴ ከነከሰ ክፉኛ ነው የሚነክሰው። ከቀለሃ ማውጫው ሥር ጥቂት ያልተቃጠለ ባሩድ ቢገባ ከበሮው አይዘጋም። በጣም በቀለለ ሽጉጥ ላይ ደግሞ ግፊቱ ያልተተኮሱትን እርሳሶች ከቀለሃቸው ያወጣቸዋል። ወጣ ያለው እርሳስ ከፊት ይጋጭና ከበሮው አልዞር ይላል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ጠረጴዛና መፍቻ ነው።

ብዙ ርካሽ ሪቮልቨር የሚከሽፈው ደግሞ በሽጉጡ ብቻ ምክንያት አይደለም። ከሁሉ ርካሾቹ .22 የምትባለውን ጥይት የሚተኩሱት ናቸው። ይህች ትንሽ ጥይት ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ቀስቃሿ በቀለሃው ጠርዝ ዙሪያ ስለሚሞላ አንዳንዴ ሳይዳረስ ይቀራል። ስለዚህ በተፈጥሮዋ ከሌሎቹ ይልቅ ትከሽፋለች። ሄሪቴጅ የሚባለው ባለ .22 ከ200 ዶላር በታች ይገኛል። ለቆርቆሮ ዒላማ መተኮሻ ግሩም ነው። ሕይወትህን የምታስይዝበት ግን አይደለም። ሌላው ምክንያት ባለቤቱ ራሱ ነው። ምላጩ ይከብዳል ብሎ ለስላሳ ሞላ ያስገባል። መምቻው ኃይል ያጣል። ጥይቱ ይነካል እንጂ አይነሳም። ርካሽ ሽጉጥ ምላጩ እስከ አምስት ኪሎ የሚከብደው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠንካራው ሞላ የሌላውን ክፍል ሸካራነት ይሸፍናል።

አያ የከሸፈ ጥይት ሲያጋጥማቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ምን እንደሆነ ነገሩኝ። የትኛው ቀዳዳ ነው? ሁልጊዜ አንዱ ቀዳዳ ላይ ከሆነ ከበሮው ነው በሽተኛው። ቦታ የሚቀያይር ከሆነ ሞላው ወይም ጥይቱ ነው። እንዲህ ቀላል ነገር ነው፤ ግን አንድም ቦታ ተጽፎ አላነበብኩም።

እዚህ ላይ የቤታችንን ነገር ላንሳ። አያቴ አንድ አሮጌ ስድስት ጎራሽ ነበራቸው። የቤልጅግ ሥራ ነው ይባል ነበር። እኔ ሳውቀው በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ነው። ብረቱ ደኅና ነው። ከበሮው ይዞራል። ግን ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ዘመን አልፎታል። አያቴ በርካሽ አገኘሁት ይሉ ነበር። በርካሽ የተገኘውም ጥይቱ ስለማይገኝ ኖሯል። የሩሲያው ናጋንትም እንዲሁ ነው። በ1895 የተነደፈ፣ ሰባት ጎራሽ፣ እጅግ ጠንካራ። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ወቅት በመቶ ዶላር ይገኝ ነበር። ጥይቱ ግን ለእሱ ብቻ የሚሆን ልዩ ዓይነት ነው፤ ውድም ነው።

ርካሽ ብረት በውድ ሲሸጥልን ደግሞ የመጀመሪያችን አይደለም። ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔና የመሣሪያ ነጋዴ በ1885 ጅቡቲ ካለችው ከታጁራ ለቤተሰቡ ሲጽፍ ነገሩን አልሸሸገም። ቤልጅግና ፈረንሳይ ውስጥ ሰባት ስምንት ፍራንክ የሚያወጣ ዘመኑ ያለፈበት ጠመንጃ ለምኒልክ በአርባ ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጥ ጽፏል። አውሮፓ ባለ ካዝና ጠመንጃ ሲይዝ ያረጀው ወደ እኛ ይጎርፍ ነበር። ውጅግራ የምንለው ራሱ ፉዚል ግራ የሚለው የፈረንሳይኛ ስም ነው፤ የ1874 ሞዴል፣ አንድ ጎራሽ። አባቶቻችን በእሱ ብዙ ሠርተውበታል። ጎጃም ውስጥ ስሙ እስከ ዛሬ በቀረርቶ ይነሳል። ጥሩ ጠመንጃ ነበር። የተገዛበት ዋጋ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ዛሬ በእኛ አገር ርካሽ ሽጉጥ ሲባል ሪቮልቨር አይደለም። በድብቅ የሚገባው የቱርክ ሽጉጥ ነው። ፖሊስ ያዝኩ የሚለውን በየጊዜው እንሰማለን። ከእነዚህ መካከል ደኅና ፋብሪካ የሠራቸው አሉ። በብዙ አገር እንደታየው ግን መጀመሪያ ለድምፅ ብቻ ከዚንክ ቅይጥ የተሠሩና ኋላ የተለወጡም በዚህ ንግድ ውስጥ ይዘዋወራሉ። ያ ብረት የእውነተኛ ጥይት ግፊት አይችልም። እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ከዚህም ሌላ በ2012 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ዋስትና የለው፣ ደረሰኝ የለው፣ የሠራው አይታወቅ። በዚህ ክፉ ጊዜ፣ ስንት ቤት ሐዘን በተቀመጠበት ጎጃም፣ ይህን ዓይነት ሽጉጥ ልጆች ባሉበት ቤት የሚያስገባ ሰው እባክህ ቆም ብለህ አስብ እለዋለሁ። ይህ ርካሽ አይደለም።

ወደ ቨርጂኒያው ሒሳብ ልመለስ። እዚያ ሱቁ ሕጋዊ ነው፣ ዋስትናም አለ። 300 ዶላር ሽጉጡ። ለፍተሻ ቢያንስ 200 ጥይት። የቶረሱ ጥይት፣ .38 የሚባለው፣ አንዱ 40 ወይም 50 ሳንቲም ስለሚሆን 80 ወይም 100 ዶላር። ማስቀመጫ ሣጥን ከነቁልፉ፣ ሌላ ሃምሳ። እንከን ቢገኝበት ወደ ፋብሪካው ተልኮ ሳምንታት ይቆያል። 450 ዶላር ደረስን። በዚህ ገንዘብ ሌላ አማራጭ አለ፤ የኔ ምርጫም እሱ ነው። ያገለገለ፣ ፖሊስ ይይዘው የነበረ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 10። ከ1899 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ዓይነት ነው፤ በሚሊዮኖች ተሠርቷል። ውጪው በማኅደሩ ተፍቆ ቀለሙ ይለቃል። ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ ያልተነካ ነው፤ ፖሊስ ተሸክሞት ይዞር ነበር እንጂ ብዙ አይተኩስበትም ነበር።

አዲሱን ርካሽ ልግዛ የሚል ካለ ግን አልቃወምም፤ ከፈተሸው። ባዶ መሆኑን ደጋግሞ ያረጋግጥ። መምቻውን ቀስ አድርጎ አውርዶ፣ ምላጩን እንደያዘ ከበሮውን በጣቱ ይነቅንቀው። ጎላ ብሎ ከተላወሰ ይተወው። ክፍተቱን ወደ ብርሃን አድርጎ ይየው፤ ስድስቱም ቀዳዳ ላይ እኩል ካልሆነ ይተወው። ሻጩ ይህን አታድርግ ካለው ሌላ ሱቅ ይሂድ።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ጻፍኩለት። ሱቁ ደርሶ ቶረሱን እንዳልኩት ፈተሸው፤ ምንም አላገኘበትም። ገዛው። ያገለገለ ሞዴል 10 በአካባቢው አጥቶ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከአያ ጋር ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ ደወለ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩት።

«150 ተኮስኩ» አለ። «አንድ ብቻ ከሸፈ። እሱም ተራው ደርሶ ሁለተኛ ሲመታ ሄደ።»

አያ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «የትኛው ቀዳዳ ነው?»

ዝም አለ። «ኧረ አያ፣ አላየሁትም።»

«እንግዲያው ቀዳዳዎቹን በቀለም ቁጥር ጻፍባቸው፣ ልጄ» አሉት። «ጻፍና እንደገና ከአንድ ጀምር።»